እስከ አንገት የተዘጋው ካባ

ፎቶው የመጣው ጎሹ የኤርፖርቱን የፓርኪንግ አውቶቡስ ተርሚናሉ በር ላይ አቁሞ የአንዲት አሮጊት ሻንጣ እያወረደ ሳለ ነበር። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረው። አሮጊቷን ሸኝቶ ወደ መሪው ሲመለስ አወጣና አየው። ልጁ ሔርሞን ናት። ያረጀ የድንጋይ ግንብ ተደግፋ ቆማለች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ጥርሷ አይታይም፤ ከፎቶው ሥርም የተጻፈ አንድ ቃል የለም።

«ማን ሞተ?» አለ ጎሹ ጮክ ብሎ፣ ያውም በአማርኛ። ከኋላው የተቀመጠ መንገደኛ ከስልኩ ቀና ብሎ አየውና ምንም ስላልገባው መልሶ አቀረቀረ።

ከዚያ ትዝ አለውና በራሱ ሳቀ። ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ይደነግጣል? ይሄ እኮ የተማሪ ልብስ ነው! ሔርሞን የአርክቴክቸር ተማሪ ናት፤ እዚህ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት ፖርቱጋል ልኳት ኮይምብራ በምትባል ከተማ ነው ያለችው። በዚያች ከተማ ተማሪ ጥቁር መልበሱ ከጥንት የመጣ ወግ ነው፤ ጥቁር ኮት፣ ጥቁር ጉርድ ቀሚስ፣ ከዚያ በላይ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ከባድ ጥቁር ካባ። ሔርሞን የሷን ያገኘችው ከቤት ደባሏ ነው፤ የልጅቷ ታላቅ እህት ተመርቃ ስትወጣ የተወችው ነው። ጎሹ ይህን ሁሉ ያውቃል። ማወቅ ብቻ አይደለም፣ ለሥራ ባልደረቦቹ ሳይቀር ሲያወራ ነው የከረመው።

እንዲህ ያስበረገገው ጥቁሩ ብቻ አልነበረም። እናቱ ታማለች።

እናቱ ደብረ ብርሃን ናት። ልቧ ከደከመ ቆይቷል፤ ባለፈው ወር ሆስፒታል ተኝታ ወጥታለች። ጎሹ ለፋሲካ ሊሄድ ከሥራው ፈቃድ አግኝቷል። እስከዚያው ግን ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከማንሣቱ በፊት የደዋዩን ስም ሁለቴ ያነባል። ለዚህም ምክንያት አለው። በዲቪ በመጣ በዓመቱ አባቱ ሞተ፤ እሱ ግን የሰማው ከተቀበረ ከወራት በኋላ ነው። «ገና አገሩን አልለመደም፣ ብቻውን ነው፣ ሐዘኑ ይጎዳዋል» ተባለና ተደበቀ። በዚያ መሀል ጎሹ ከመጋዘን ደሞዙ አጠራቅሞ ለአባቱ ወፍራም ካፖርት ገዝቶ በሰው ላከ። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ አባቱ ደግሞ ብርድ አይችልም ነበር። ለሞተ ሰው ካፖርት ላከ! በስልክ «ደረሰው? ልኩ ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ ወንድሙ ዘውዴ «ልክክ ነው ያለበት፣ ምርቃቱን አትጠይቀኝ» ብሎ መለሰለት። ሽማግሌዎች መጥተው ሶፋው ላይ ተደርድረው መርዶውን ባረዱት ቀን ጎሹ ያለቀሰው ለአባቱ ይሁን ለዚያ ካፖርት እስከ ዛሬ አያውቀውም።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ቃል አስገባቸው። ዘውዴ በእግዚአብሔር ስም ማለ። ሚስቱ መዓዛ ጴንጤ ናትና «መማል አልምልም፣ ግን ቃሌ ነው» አለችው። የጠየቃቸው አንድ ነገር ነው፤ እናቱ አንድ ነገር ብትሆን በዚያው ሰዓት ይነገረኝ፣ ደርሼ በእጄ ልቅበራት። ሌላ ምንም አልጠየቀም።

ስልኩን ኪሱ ከቶ ሞተሩን አስነሳ። የዚህ አውቶቡስ ሥራ መዞር ነው፤ ከተርሚናል ወደ መኪና ማቆሚያው፣ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናል። መንገዱን እጁ ስለለመደው ሐሳቡ የፈለገበት ይሄዳል፤ ከመስከረም ወዲህ ደግሞ የሚሄደው ኮይምብራ ነው። ጎሹ ኮይምብራን በእግሩ ረግጧት አያውቅም፤ ብሌንደን ታውንሺፕ ያለው አፓርታማው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ግን ከሰፈሯ ልጆች ባልተናነሰ አውቋታል። እሁድ እሁድ መዓዛ ቸርች ስትሄድ ሔርሞን በቪዲዮ ትደውልለታለች፤ ስልኩን ወደ ፊት አዙራ ይዛ ከወንዙ ዳር ጀምራ ወደ ላይ ትወጣለች፤ እሱም ካልሲውን አውልቆ፣ እግሩን ዘርግቶ አብሯት ይወጣል።

የመጀመሪያው እሁድ ላይ በአሮጌው የከተማ በር ሥር አሳልፋ ወደ ደረጃዎቹ ስትወስደው፣ «ይሄ ከተማ ደረጃ እንጂ መንገድ የለውም እንዴ?» ብሎ ነበር።

«ስሙ ራሱ ወገብ ሰባሪ ነው ባባ» አለችው እያለከለከች። «አይም ኖት ኪዲንግ። ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው እንደዛ ያሉት።»

ደረጃው ሲያልቅ አሮጌው ካቴድራል ብቅ ይላል። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ቀስት መወርወሪያ የምታህል፣ አናቱ ላይ ዙሪያውን ወታደር የሚሸሸግበት የድንጋይ ጥርስ የተደረደረ ነው። «ቤተክርስቲያን ነው ምሽግ?» አላት። «ሁለቱም» አለችው፤ ሲሠሩት ጦርነቱ ቅርብ ስለነበረ የሚጸልዩበትና የሚመክቱበት አንድ ላይ እንዲሆን አድርገው እንደሠሩት አስረዳችው። ያ ነገር የጎሹ አንጀት ውስጥ ገባ። ሌላ ቀን ደግሞ ወርቅ የተቀባውን ቤተ መጻሕፍት አሳየችው፤ ውስጡ የሌሊት ወፎች ይኖራሉ፣ ሲመሽ እየወጡ መጽሐፍ የሚበላውን ነፍሳት ይለቅማሉ፣ ሠራተኞቹም ጠረጴዛዎቹን ቆዳ አልብሰው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ጎሹ ግን የጠየቀው «ጠዋት ኩሱን ማን ይጠርገዋል?» ብሎ ነው።

ከሁሉ የወደደው ግን ዘፈኑን ነበር። ካባ የለበሱ ወንዶች ካቴድራሉ ደረጃ ላይ ቆመው ሆድ የሚያባባ ዜማ ዘፈኑ። ሲጨርሱ ማንም አላጨበጨበም። በጭብጨባ ፈንታ ሰዉ ሁሉ እህ፣ እህ እያለ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወጉ ነው፤ ደስ ብሎናል ማለት ነው» አለችው ሔርሞን። ጎሹ በሳቅ ፈረሰ። «እኛ ጋ ጉሮሮውን የሚጠርገው መርዶ ሊነግር የመጣ ሽማግሌ ነው!» አላት።

ይህን እያሰበ ፈገግ እንዳለ ስልኩ ጠራ። መዓዛ ናት። ባዶውን አውቶቡስ መኪና ማቆሚያው ጥግ አስጠጋና አነሳው።

«ጎሹ፣ ምሳ በላህ?»

«ገና ነው። ምነው?»

«እንዲያው ነው። ብላ። አንድ ነገር ገዝተህም ቢሆን ብላ፣ እሺ? ባዶ ሆድህን አትዋል።»

ጎሹ ስልኩን ከጆሮው አርቆ ተመለከተው። መዓዛ ደግ ሴት ናት፤ አዛውንት የምትንከባከብበት ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታበላ ትውላለች፤ እሱን ግን በልተሃል ወይ ብላ በሥራ ሰዓት ደውላለት አታውቅም። ድምፅዋም አፍንጫዋ የተዘጋ ሰው ድምፅ ነው።

«ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?»

«አዎ ትንሽ» አለችና ዘጋችው።

አንድ ዙር ዞረ። ተርሚናሉ ጋ የሚወርዱትን አወረደ፣ የሚሳፈሩትን አሳፈረ። ሁለተኛው ስልክ የመጣው መንገደኞቹን አድርሶ እንደ ጨረሰ ነው። የእድራቸው ሰብሳቢ ጋሼ ዓለም ናቸው፤ ጋሃና በምትባል ጎረቤት ከተማ ነው የሚኖሩት፣ ከኤርፖርቱ አጥር ማዶ።

«ጎሹ፣ ደህና ዋልክ ወይ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ ዓለም። ምነው በሥራ ሰዓት?»

ከዚያ በስልኩ ውስጥ እህ፣ እህ የሚል ድምፅ ተሰማው። ጋሼ ዓለም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አይ፣ እንዲያው ሺፍትህ ስንት ሰዓት ያልቃል ልልህ ነው። አንዲት ጉዳይ ነበረችኝ፣ ማታ እቤት ብቅ ብል ብዬ።»

«አሁን ቢነግሩኝስ?»

«በስልክ የምትሆን አይደለችም። ደርሼ እነግርሃለሁ። ቀስ ብለህ ንዳ ብቻ።»

ጎሹ መሪውን ይዞ ቀረ። መዓዛ ብላ ትለዋለች፤ ጋሼ ዓለም ስንት ሰዓት ትወጣለህ ይሉታል፤ ቀስ ብለህ ንዳ ይሉታል። እሱ ራሱ ስንት ጊዜ ከነጋሼ ዓለም ጋር ሆኖ የሰው ቤት ሄዷል! መጀመሪያ ሰውየው መቼ እቤቱ እንደሚገኝ ይጠየቃል። ቀጥሎ እህል መቅመሱ ይረጋገጣል፤ ከሰማ በኋላ አይበላምና። ሥርዓቱን ጠንቅቆ ያውቀዋል። በሰው ላይ ሲያደርገው ደግሞ እውነት ደግነት መስሎት ነበር የሚያደርገው።

ወደ ዘውዴ ደወለ። እዚያ ገና መሸት ማለቱ ነው። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሳ።

«እማዬ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ምነው?»

«አቅርባት እስቲ።»

«ተኝታለች።»

«በዚህ ሰዓት? ዜና ሳትሰማ?»

«መድኃኒቱ ነው፣ ያስተኛታል። ነገ ደውል፣ ታናግርሃለች።» የዘውዴ ድምፅ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ በር ዘግቶ ግቢ የወጣ ሰው ድምፅ። ከበስተኋላው የሰው ጉምጉምታ የሰማ መሰለው። ሊያረጋግጥ ጆሮውን ሲያቆም ስልኩ ተዘጋ።

መሰለው ወይስ ሰማ? ቴሌቪዥን ይሆናል። ጎረቤት ሊጠይቅ መጥቶ ይሆናል። የታመመች ሴት ያለችበት ቤት መቼም ሰው አይጠፋውም። ጎሹ እንዲህ እያለ ራሱን ሊያታልል ሞከረ፤ አልሆነለትም። ፈራ። እንደ ሕፃን ልጅ ፈራ። ተርሚናሉ ጋ ደርሶ መቆሚያውን አልፎ ሊሄድ ሲል መንገደኞቹ ከኋላ ጮሁበት። ፍሬኑን ረገጠ፤ ሻንጣ ተንከባለለ፣ አንዱ ሰደበው። ይቅርታ ጠይቆ ሁሉንም አወረደና ለቢሮው በሬዲዮ «ትንሽ አሞኛል፣ ብሬክ እወስዳለሁ» ብሎ አውቶቡሱን ባዶውን ነድቶ የመጨረሻው መኪና ማቆሚያ አጥር ሥር አቆመው።

ለሔርሞን ደወለ። አላነሳችም። ደግሞ ደወለ። ዘጋችው። ሔርሞን ስልኩን ዘግታበት አታውቅም። ወዲያው ግን ቴክስት ገባ።

«ባባ፣ አሁን ማውራት አልችልም። ፎቶውን አየኸው?»

አይቼዋለሁ ብሎ ሊጽፍ ጀመረና እጁ ቆመ። ለምን ጠየቀችው? ፎቶውን እንደገና ከፈተ። ከዚህ በፊት የላከችለትንም አወጣና አንዱን ካንዱ እያመላለሰ ማየት ጀመረ። በድሮዎቹ ሁሉ ካባው ግራ ትከሻዋ ላይ ተጥሏል። ከኮቱ ሥር ነጭ ሸሚዝ ይታያል። ደረቷ ላይ ሁለት ትናንሽ ፒኖች አሉ፣ አንዱ የኢትዮጵያ አንዱ የኦሃዮ ባንዲራ፤ ለዚያውም በነሱ የምትኮራ ልጅ ናት። በዛሬው ግን ፒኖቹ የሉም። ካባው ከሁለቱም ትከሻዋ ቁልቁል ወርዶ ከፊት ተገጥሟል፣ አንገቷ ሥር ተቆልፏል። የኮቱ ኮሌታ ወደ ላይ ተገልብጧል። ከነጩ ሸሚዝ የጥፍር ያህል እንኳ አይታይም።

በዚህ ጊዜ ነው ያቺ እሁድ የመጣችበት።

የብርዱ ወቅት ነበር። ሔርሞን የዩኒቨርሲቲውን የብረት በር ልታሳየው ወጥታ በሩ ጋ ስትደርስ ብዙ ተማሪዎች ዝም ብለው ቆመው አገኘች። ሁሉም ካባቸውን እስከ አንገታቸው ዘግተዋል። «እነዚህስ? በረዳቸው እንዴ?» ብሎ ነበር ጎሹ። ሔርሞን ስልኩን ወደ ራሷ አዙራ በሹክሹክታ ነገረችው። «አይ ባባ፣ መምህራቸው ሞቶ ነው። ሐዘን ላይ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ካባው ይዘጋል፣ ነጭ ነገር መታየት የለበትም፣ ፒኑም ይነቀላል። ኖባዲ ሃዝ ቱ ሴይ ኤኒቲንግ። ያየ ሰው ያውቃል።»

ጎሹ ያን ቀን «ደግ ወግ ነው። አይዋሽም» አላት። ለልጁ የካፖርቱን ታሪክ የነገራትም ያኔ ነው። እዚያው የብረቱ በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እስኪጨርስ ሰማችው፤ ሰምታም አለቀሰች።

አሁን ገባው። ገባው ማለት ግን አወቀ ማለት አይደለም። ሔርሞን ጓደኛ ሞቶባት ቢሆንስ? መምህር ሞቶባትስ ቢሆን? እነመዓዛ ከጉንፋንና ከእድር ጉዳይ ሌላ ምንም ባይኖራቸውስ? መጠየቅ ዋጋ የለውም። ሐበሻ እንዲህ ያለ ነገር ሲጠየቅ ደህና ናት ይላል፤ ምሎም ይላል። ደጋግሞ ቢጠይቅ ደጋግመው ይዋሹታል፣ ማታ ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ድረስ። የደብረ ብርሃን ቀብር ደግሞ ከነገ አያልፍም። ማታ ቢነግሩት፣ ነገ ቢሳፈር፣ የሚደርሰው አፈሩ ከለበሰ በኋላ ነው። የእናቱንም ቀብር እንደ አባቱ በወሬ ሊሰማው ነው።

አንድ መንገድ ብቻ ቀረው። አለመጠየቅ። እንደሚያውቅ ሰው ሆኖ መናገር። የሚያውቅን ሰው ማንም ደህና ናት ሊለው አይችልም።

ግን ከተሳሳተስ? ጎሹ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከተሳሳተ በሕይወት ያለች እናቱን በገዛ አፉ ቀበራት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሟርት ከልጅ አፍ ይወጣል? ዘውዴ ይጮህበታል፤ ልቧ የደከመው እናቱ አጠገቡ ሆና ብትሰማው ያ ቃል ራሱ ይገድላታል። ይህን የሚያህል ነገር በምን ላይ ተመሥርቶ ነው የሚናገረው? በአንድ ፎቶ። አይቶት በማያውቅ ከተማ፣ ዘመዶቹ ባልሆኑ ሰዎች ወግ፣ በአንዲት ልጅ አንገት ላይ በተቆለፈ ካባ። ሰው ቢያየው አብዷል ይለዋል። በላዩ አንድ አውሮፕላን ተነሥቶ የአውቶቡሱን መስታወት አንቀጠቀጠው። ጎሹ አማተበ።

ደወለ። ዘውዴ አነሳው።

«ጎሹ፣ ነገ ደውል አላልኩህም...»

«ዘውዴ» አለው። ጉሮሮው ደረቀ፤ እንዳይጠርገው ተጠነቀቀ። «ቀብሩን አቆዩልኝ።»

ከዚያ ማዶ ምንም አልተሰማም። ምን አልክ የሚል የለም። አፍህ ይቆረጥ የሚል የለም። ጎሹ እንዲሰደብ ተመኘ። በሕይወቱ ስድብን እንደዚያች ደቂቃ ናፍቆ አያውቅም። ዘውዴ ቢጮህበት፣ ዕብድ ቢለው፣ ወንድም አይደለህም ቢለው እግሩን ይስምለት ነበር።

«ማን ነገረህ?» አለ ዘውዴ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረና እንደ ሴት አለቀሰ፤ አብሮትም ከበስተኋላው ተደብቆ የቆየው ለቅሶ ሁሉ ወደ ስልኩ ገባ፣ ዘውዴ ማፈኑን ትቶ ወደ ቤቱ ተመልሶ ገብቷልና።

ጎሹ ግንባሩን መሪው ላይ ደገፈ። አላለቀሰም። መጀመሪያ መናገር ያለበት ነገር ነበር።

«መቼ ነው?»

«ዛሬ ንጋት ላይ። በእንቅልፏ ነው ጎሹዬ፣ አልተሰቃየችም። ቃሌን በላሁብህ። እናንተ ጋ ያሉት ሽማግሌዎች ‹ሥራ ላይ ነው፣ ሰው ጭኖ ነው የሚነዳው፣ ማታ ይሰማ› ስላሉ ነው እንጂ እኔ...»

«ቀብሩስ?»

«ነገ በስድስት ሰዓት ብለን ሰው ጠርተናል።»

«አቆዩልኝ።»

«ጎሹ፣ ካህናቱ፣ እድሩ፣ ከገጠር የሚመጣው ሁሉ...»

«ዘውዴ፣ ስማኝ» አለው። «አሁን ካፖርት አልልክም። ራሴ ነኝ የምመጣው።»

ዘውዴ «እናቆይልሃለን» አለ። «እሷንም ሌላውንም ሁሉ እናቆይልሃለን። ና ብቻ።»

ዘውዴ ለመዓዛ ወዲያው ደውሎላት ኖሮ የጋሼ ዓለም መኪና ብዙም ሳይቆይ አጥሩን ዞሮ መጣ። መዓዛ ከኋላ ወርዳ እየሮጠች መጣች፤ ዓይኗ አብጧል፣ እጇ ላይ የጎሹ ትንሽ ሻንጣ ተንጠልጥሏል። ከጠዋት ጀምሮ አዘጋጅታው ነበር። ጎሹ ሻንጣውን አየ፣ እሷንም አየ።

«ቃልሽስ?» አላት።

«በላሁት» አለች መዓዛ። «ምን ላድርግ? መሪ ይዘህ፣ ሰው ጭነህ፣ ፍሪዌይ ላይ እያለህ በስልክ ልንገርህ? የነዚያ ሰዎች ነፍስስ? ያንተስ? ጌታ ያውቃል፣ ከጠዋት ጀምሮ አንጀቴ ሲያርር ነው የዋለው።»

ጋሼ ዓለም ቆባቸውን አውልቀው ቀረቡ። «ትኬቱን ለነገ ማታ ነበር የቆረጥንልህ» አሉ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው። «በመንገድ ላይ ሳለን ደውዬ ለዛሬ አስቀይሬዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። መዓዛ አሁኑኑ ይነገረው ብላ ነበር፣ እኔ ነኝ ሥርዓቱን ይዤ ያስቆምኳት።»

ጎሹ ይቅር አላላቸውም፤ ቢያንስ በዚያ ሰዓት። ግን መዓዛ ስታቅፈው አልገፋትም። ያን ጊዜ ነው ለቅሶው የመጣው፤ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠ፣ ሁለቱም ከበቡትና «እማዬ፣ እማዬ» እያለ አለቀሰ። ከመኪና ማቆሚያው ሻንጣ እየጎተቱ የሚያልፉ ሰዎች አንዴ እያዩት ዓይናቸውን ሲመልሱ አላፈረም።

«ሔርሞን እንዴት ሰማች?» አላት ለመዓዛ፣ ትንሽ ሲበርድለት።

«አያቷ ጋ ደውላ ነዋ። በየሳምንቱ ትደውልላት የለ? ስልኩን ያነሱት ለቅሶ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። ለባባ እንዳትነግሪ ብዬ ቃል አስገባኋት።» መዓዛ ፊቷን ጠራረገችና ተመለከተችው። «ነገረችህ እንዴ?»

ጎሹ ተነሥቶ ቆመ። የሥራ ጃኬቱ ጥቁር ነው፤ ደረቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ባጅ አለ። ባጁን ነቅሎ ኪሱ ከተተው። የጃኬቱን ኮሌታ ወደ ላይ ገለበጠ፣ ነጩ ሸሚዝ እንዳይታይ ዚፑን እስከ አገጩ ጎትቶ ዘጋው። ስልኩን እጁን ዘርግቶ ያዘና ራሱን ፎቶ አንሥቶ ለሔርሞን ላከላት። ከሥሩ ምንም አልጻፈም።

ስልኩ ወዲያው ጠራ።

«ባባ» አለች፤ ከበስተኋላዋ የባቡር ድምፅ አለ፣ ወደ ሊዝበን አውሮፕላን ማረፊያ እየሄደች ነበር። «ባባ፣ አልነገርኩህም እኮ። ለማሚ ፕሮሚስ አድርጌ ነበር። አይ ስዌር፣ አልነገርኩህም።»

«አልነገርሽኝም» አላት ጎሹ። «ቃልሽን ጠብቀሻል። እኔንም አልዋሸሽኝም።»

ልጁ አዲስ አበባ እንደምትጠብቀው በሹክሹክታ ነገረችውና መስመሩ ተቋረጠ። ጎሹ የአውቶቡሱን ቁልፍ ለተረኛው አስረከበ፤ ሻንጣውን ከመዓዛ እጅ ተቀበለና ሌሎችን ሲያደርስበት በኖረው በር እሱ ራሱ ገባ። በአውሮፕላኑ ውስጥ ሞቀው፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትም ጃኬቱን አውልቆ እንዲያርፍ ነገረችው፤ አመሰግናለሁ አላት። ዚፑን ደብረ ብርሃን ደርሶ በገዛ እጁ በእናቱ ላይ አፈር እስኪያለብስ ድረስ አልከፈተውም።